ዛሬ ወፍጮ ነው

አማርኛችን ጉደኛ ነው። ሰው የማይታይበት፣ ወፍ ዝር የማይልበት ምድር «ጭው ያለ በረሃ» ይባላል። ጆሮ ሲጮህም ያው «ጭው አለብኝ» ነው። ዝምታውም ጭው፣ ጩኸቱም ጭው። እኔ አዳማ ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር፣ ስንቱን ተማሪ በሰዋስው ሳስለቅስ፣ ይህን ነገር አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው። አሁን «ጆሮዬ ጭው ይላል» ስል ግማሹ ሰው «ታዲያ ጸጥታን ማን ይጠላል?» ብሎ የሚያየኝ ይመስለኛል።

ሲጀምረኝ የጎረቤት የውሃ ፓምፕ መስሎኝ ነበር። ሄጄ አንኳኳሁና «እባክዎ ይህን ፓምፕ ያጥፉልን፣ ራሴን ሊበጠብጠው ነው» አልኩ። የቤቱ ባለቤት ትሁት ሰው ናቸው፤ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ወስደው ፓምፑን አሳዩኝ። ተቃጥሎ፣ ተፈታቶ፣ ሸረሪት አድርቶበታል። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁና ጥርጣሬዬን ወደ ፍሪጃችን አዞርኩ። ሶኬቱን ነቅዬ አዳመጥኩ፤ አሁንም ይጮሃል። እንግዲህ ፍሪጁም ነጻ ነው ብዬ ሄድኩ። መልሼ መሰካቱን ግን ረሳሁት። እህቴ ለእሁድ ያስቀመጠችው ሥጋ በአዳማ ሙቀት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። «ፍሪጁ የሚጮህ መስሎኝ ነው» ብላት፣ «ፍሪጁማ ዝም ብሏል! የምጮኸው እኔ ነኝ!» አለችኝ። እውነቷን ነበር።

እህቴ ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ባሏ ከሞተ ጀምሮ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ከእኔ ጋር ትኖራለች። እኔ አላገባሁም፤ ለምን እንዳላገባሁ እሷ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም ትናገራለች። ቤቱ የእኔ ነው፣ አገዛዙ የእሷ ነው። ይህን ስል ማማረሬ አይደለም። እሷ ባትኖር ሽሮ እየበላሁ የምሞት ሰው ነኝ።

ጆሮው የሚጮህ ሰው አዳማ ውስጥ ሐኪም አያጣም። ችግሩ ሐኪሞቹ ሐኪም አለመሆናቸው ነው። የመጀመሪያዋ እትዬ ነበረች። «ቀኙ ነው ግራው?» አለችኝ። ግራው ከሆነ እየታማሁ ነው፣ ቀኙ ከሆነ በደግ እየተነሳሁ ነው። «ሁለቱም ነው» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው ባንተ ጉዳይ የሚጨቃጨቁ ሰዎች አሉ» ብላ ፈረደች። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ሰው የራሱን ሐሜት አይሰማም ለማለት ነው። የእኔው ግን ባዳነቱ ሳያንስ ክፉ ተከራይ ሆኖብኛል፤ ልቀቅ ቢሉት አይለቅ፣ ዝም በል ቢሉት አይሰማ።

ከዚያ የመምህራን ክፍሉ ተነሳብኝ። አንዱ ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀህ ጨምርበት አለ፤ ሌላዋ ጤና አዳም ወትፍበት አለች። ሁለቱንም አደረግኩ። ለሳምንት ያህል ወጥ ወጥ እሸት ነበር፤ ጩኸቱ ግን ንቅንቅ አላለም። የግቢያችን ጎረቤት፣ ፕሮቴስታንት ናት፣ እጅግ ደግ ሴት፣ ልትጸልይልኝ መጣች። እጇን ራሴ ላይ ጭና፣ አፏን ጆሮዬ ሥር ደቅና፣ በሙሉ ድምፅዋ «ውጣ!» አለችው። እሱ ሊወጣ ቀርቶ የባሰውን ጎረምሳ ሆነ። «ወጣ?» ስትለኝ ሳያት አሳዘነችኝና «ወጥቷል፤ ሩቅ ሄዷል» አልኳት። እትዬ ይህን ስትሰማ ቅናት ይሁን እምነት እንጃ፣ በማግስቱ በጀሪካን ጠበል ይዛ መጣች። ጠበሉ ቢያንስ አይጮህም፤ ደስ እያለኝ ተጠመቅኩ።

ሶደሬም ሄጃለሁ። የሶደሬ ሙቅ ውሃ የማይፈታው ደዌ የለም የሚል ማስታወቂያ በየሰው አፍ አለ። ጭንቅላቴን ነክሬ ብዙ ቆየሁ። ከአዲስ አበባ ለመዝናናት የመጡ ጎረምሶች ደግሞ የሰው ቁመት ያለው ስፒከር ገንዳው ዳር ተክለው ነበር፤ ለካ እነሱም ሊታከሙ ኖሯል የመጡት፣ ጸጥታ ከሚባል በሽታ። ስመለስ ጩኸቱ እንዳለ ሆኖ ውሃ በጆሮዬ ገብቶ ይንቦጫረቃል። አዋሽን ይዤ ነው ቤት የገባሁት።

በመጨረሻ እውነተኛ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ልጅ እግር ነው፤ ሰው አክባሪ። አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ አስገባኝና ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጎ «ጋሼ፣ ድምፅ ሲሰሙ ይህችን ቁልፍ ይጫኑ» አለኝ። ተጫንኩ። ደግሜ ተጫንኩ። ደጋግሜ ተጫንኩ። በመስታወቱ አየኋቸው፣ እሱና ነርሷ ይተያያሉ። በሩን ከፍቶ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ገና አልጀመርኩም» አለኝ። «እሱ ግን ጀምሯል» አልኩት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ከዚያ መድኃኒት እንደሌለው፣ ከጊዜ ጋር እንደምለምደው፣ ጨውና ጭንቀት እንድቀንስ ነገረኝ። ጨው ቀነስኩ። ጭንቀቱን ለእትዬ እንድትቀንስልኝ ነገርኳት፤ ወጡ ላይ ጨው ጨመረችበት።

ይህ ሁሉ ባልከፋ። መከራው የጆሮዬ ጠባይ ከቀን ቀን መለዋወጡ ነው። አንድ ቀን እንዳለም አላውቀው፤ በማግስቱ የራሴን እርምጃ እንኳ አልሰማ። በእንቅልፍ ነው ብዬ ተኛሁ፣ በነፋስ ነው ብዬ ኮፍያ አደረግኩ፣ በጾም ነው ብዬ በላሁ። ሕግ የለውም። የፈለገው ቀን ይመጣል፣ የፈለገው ቀን ይቀራል፤ ልክ እንደ መብራታችን።

መለኪያ ያወጣችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። ዱከም አንድ ፋብሪካ ውስጥ የዕቃ ጥራት ትቆጣጠራለች፤ በጠዋት በሚኒባስ ሄዳ አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ከመውጣቷ በፊት ክፍሌ በር ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ዛሬ ምንድነው?» ትለኛለች። ትንኝ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ወፍጮ። ትንኝ ከሆነ እንደ ማንም ሰው ነኝ። ማንቆርቆሪያ ከሆነ ሰው ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ ከተናገረ እሰማለሁ። ወፍጮ ከሆነ ተዉኝ። እሷ መልሴን ይዛ ነው የምትናገረኝ፤ በወፍጮ ቀን ፊት ለፊቴ መጥታ፣ አፏን ገልጣ፣ ቃሉን አንድ በአንድ ታወጣልኛለች። እንደ ሕፃን አታደርገኝም፣ አትጮህብኝምም። ከዚህ ቤት ያመነችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ሌላው ሰው አላመነኝም፤ አልፈርድበትም። አንካሳ ሁልጊዜ አንካሳ ነው፤ ዛሬ ሲያነክስ ነገ ሲሮጥ የታየን ሰው ማን ያምናል? የእኔ ጠላቶች ደህና ቀኖቼ ናቸው። በወፍጮ ቀን እትዬ ከማድ ቤት ሦስት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማም። በማግስቱ፣ ትንኝ በሆነበት፣ በስልክ ለጓደኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እሱማ አርጅቷል» ስትል ከሳሎን ሆኜ «ማን ነው ያረጀው?» እላለሁ። «ይኸውልሽ! ሰማሽ? ሲፈልግ ይሰማል!» ትላለች ለጓደኛዋ። ከዚያ ወዲያ ምን ብል ማን ይሰማኛል። ጆሮ ዳባ ልበስ ባይ ተብዬ ቀረሁ። ተማሪዎቼም ቶሎ ነቁብኝ። ጠዋት ገብተው ከኋላ ወንበር የሆነ ነገር ጣል ያደርጋሉ፤ ዝም ካልኩ «ዛሬ ነጻ ነን» ይባባላሉ። ይህንንም የሰማሁት በትንኝ ቀን ነው።

ደግሞ የጨዋነታችን ነገር አለ። እኛ አገር የተከበረ ሰው አይጮህም። ጨዋ ማለት ድምፁ የማይሰማ፣ በነጠላው ጫፍ አፉን ከልሎ ወደ ደረቱ የሚናገር ነው። ትሁት በሆነ ቁጥር ለእኔ ይጠፋል። እኔ አሁን የምወደው ባለጌ ነው። ከአጥራችን ማዶ ያሉ አንድ የኦሮሞ ሽማግሌ በየጠዋቱ «አካም ቡልቴ!» ሲሉኝ መንገድ ላይ ያለ ባጃጅ ሁሉ ይደነግጣል፤ እሳቸውን እግዜር ያቆይልኝ። የሌላውን «ደህና አደርክ» የማውቀው በከንፈሩ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን የእኛ «አዎ» ነው። የሌላ አገር ሰው አዎ ሲል ድምፅ ያወጣል አሉ። የእኛ ሰው ወደ ውስጥ ያስገባል። ትጠይቀዋለህ፣ ትንፋሹን «ህ» ብሎ ይስባል፣ አለቀ፣ ተስማማ ማለት ነው። ያቺን ትንፋሽ ደህና ጆሮ ያላት ድመት እንጂ ማን ይሰማታል? በክፍል ውስጥ «ገብቷችኋል?» እላለሁ፤ ተማሪው ሁሉ ትንፋሹን ይስባል፤ እኔ ዝም ብለው ያዩኝ ይመስለኝና እንደገና ከሀ እጀምራለሁ። አንድን ግስ ሦስት ጊዜ ያስተማርኩበት ቀን አለ። እኔ በበኩሌ ሳልሰማ ስቀር «እሺ» እላለሁ። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይባል የለ? በዚህች ቃል ምክንያት የማላውቀው ዕቁብ ውስጥ ገብቻለሁ፣ የማላውቀውን ሰው ልጅ ክርስትና ላነሳም ቃል ገብቻለሁ።

እንግዲህ ከዚህ ጆሮ ጋር ነው የእህቴ ልጅ የጋብቻ ጉዳይ የመጣብኝ።

ልጁ የእትዬ የማኅበር ጓደኛ ልጅ ነው። ነጋዴ ነው፤ መኪና አለው፤ ቤት ጀምሯል፤ ጥርሱ ያምራል። እትዬ ጥርሱን ሳታነሳ አታድርም፤ ፈረስ የምትገዛ ነው የሚመስለው። አንድ ቅዳሜ ሁለቱ እናቶች ባሉበት ልጅቷን ላንጋኖ ወስዶ ምሳ ጋበዛት። ስትመለስ «እንዴት ነበር?» አልኳት።

«ዓሣ ነው የምፈልገው አልኩት። ጥብስ አዘዘልኝ።»

«አልሰማሽም ይሆናላ» አልኩ። ላልሰማ ሰው መከራከር ልማዴ ነው።

«ሰምቷል ጋሼ። ‹ዓሣ አጥንት አለው፣ ጥብስ ይሻልሻል› ነው ያለኝ።»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ሳቄን ዋጥ አደረግኩ።

«ታዲያ ለእናትሽ አትነግሪያትም?»

«ምን ብዬ? ጥብስ በላሁ ብዬ?» ጫማዋን እያወለቀች ነበር። «ጋሼ፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ እማዬን እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። በመኪናው ውስጥ እስክንመለስ ስትዘፍን ነበር።»

እትዬን ለብቻዋ ይዤ ልጅቷን ጠይቀሻታል ወይ አልኳት። «ምን ብዬ እጠይቃታለሁ? እምቢ አላለች!» አለችኝ። እሺስ ብላለች? «ደግሞ እሺ ማለት ምን ያስፈልጋል? ልጄ ጨዋ ናት፤ ዝም ብላለች። ዝምታ ፈቃድ ነው።» በዚያ ቀን ጆሮዬ ትንኝ ነበረች፤ አጥርቼ ሰማኋት። ልናገራት አሰብኩ፣ ከዚያ ሳቋ ትዝ አለኝና እኔም እንደ ልጅቷ ዝም አልኩ። ፈሪ ቤተሰብ ነን።

ለእሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌ እንዲመጣ ተቆረጠ። እትዬ የቤቱ አፈ ጉባኤ እንዲሆን የመረጠችው ከአሰላ የሚመጣውን የአጎታችንን ልጅ ነበር፤ ድሮ ሹም የነበረ፣ ሲናገር ጠረጴዛ የሚመታ ሰው ነው። የእህቴ ልጅ ግን «ጋሼ ነው የሚጠይቀኝ፤ እሱ ካልሆነ ከክፍሌ አልወጣም» አለች። ከዚህች ልጅ አፍ እስከዚያ ቀን እምቢ የሚል ቃል ወጥቶ አያውቅም። እትዬ አበደች። «ይህን ደንቆሮ? በሰው ፊት?» አለች፤ እኔ እዚያው ቆሜ። አማርኛችን እዚህም ላይ ደግ አይደለም፤ ደንቆሮ ማለት የማይሰማም የማያውቅም ነው፣ ምረጥ እንኳ አይልህም። ሆኖም ልጅቷ አልበገር አለች። እኔ በውስጤ ኮራሁ። አባቷ ከሞተ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ ክብሬን ጠበቀችልኝ ብዬ አሰብኩ።

እሁድ ጠዋት ስነቃ ጆሮዬ ውስጥ እህል የሞላው ወፍጮ ይፈጫል። የኔ ነገር! አንድ ሳምንት ሙሉ ትንኝ ሆኖ ከርሞ ለዚያ ቀን። የእህቴ ልጅ የሐበሻ ቀሚሷን ለብሳ ክፍሌ በር ላይ መጣች።

«ዛሬ ምንድነው?»

«ወፍጮ ነው፤ ያውም በናፍጣ የሚሠራው። ልጄ፣ በእግዜር፣ የአሰላው ሰውዬ ይጠይቅሽ። እኔ ነገር አበላሻለሁ።»

ፊቷ ፈታ አለ። አልገባኝም። «አይ፣ አንተ ነህ» አለችኝ፣ ቃሉን እንደ ልማዷ ለያይታ፣ እና ከረባቴን አስተካክላልኝ ሄደች። ልታጽናናኝ ፈልጋ ነው ብዬ ተውኩት።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። ኖር፣ ተቀመጡ ቢባሉ፣ እንደ ወጉ፣ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ትልቁ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጫፉን አፋቸው ላይ አድርገው ንግግር ጀመሩ። ጨዋነት ሲባል እንደዚያ ነው! ከንፈራቸው እንኳ አይታይም። ከወፍጮው መሃል «እግዚአብሔር» እና «ልጃችን» የሚሉ ሁለት ቃላት እንደ እንክርዳድ ተለቅመው ደረሱኝ። በቀረው ቦታ ሁሉ ራሴን እየነቀነቅኩ «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። አንድ ቦታ ላይ ቆም ሲሉ፣ ምርቃት መስሎኝ፣ «እሺ፣ ደስ ይለናል!» አልኩ ጎላ አድርጌ። ቤቱ ክው አለ። የእትዬ ክርን ጎድኔን አገኘው። ለካ ሰውዬው «ከእኛ በፊት ቃል የተገባለት ሌላ ሰው አለ ወይ?» ብለው መጠየቃቸው ነው። የአሰላው ሰውዬ «የለም! የለም ማለቱ ነው!» እያለ ጠረጴዛውን መታ። ሽማግሌዎቹ ተያይተው ተቀመጡ።

ከዚያ ትልቁ ሽማግሌ የልጅቷን ቃል ከራሷ አንደበት እንስማ አሉ። ይህን የአሰላው ሰውዬ ጆሮዬ ላይ ደገመልኝ፤ ምራቁም አብሮ ደረሰኝ። ልጅቷ ተጠራች። መጥታ መሃል ቆመች፤ ራሷን ደፍታለች፤ ነጠላዋ እስከ አፍንጫዋ ይሸፍናታል። እኔ ተነሳሁ። ክፍል ውስጥ የምጠቀምበትን ድምፅ አውጥቼ «ልጄ፣ እነዚህ አባቶች የመጡበትን ጉዳይ ሰምተሻል። ፈቃድሽ ነው ወይ?» አልኳት።

ምንም አልሰማሁም። ትከሻዋ ትንሽ ከፍ ብሎ ወረደ፤ ያየሁት ይህንኑ ነው። መልሷን እየጠበቅኩ ሳለ ሽማግሌዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «ተመስገን» ይመስላል አሉ፤ የአሰላው ሰውዬ አጨበጨበ፤ የጓዳው በር ላይ የቆሙት ሴቶች አፋቸውን ለእልልታ ከፈቱ። እትዬ ታለቅሳለች፣ በደስታ። እኔ ብቻ ምን እንደተፈጠረ የማላውቅ ግዑዝ ሆኜ ቆሜያለሁ።

እጄን አነሳሁ። ክፍል ሲረበሽ የማነሳውን እጅ ነው። «ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ። እኔ አልሰማሁም።»

«አዎ ብላለች እኮ!» አለ የአሰላው ሰውዬ ጆሮዬ ውስጥ።

«እናንተ ሰምታችሁ ይሆናል። የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እኔ አልሰማሁም።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጀግንነት አልነበረም። ንዴት ነበር። ለስንት ጊዜ ነው ሰው ሁሉ የሰማውን እኔ ሳልሰማ እሺ ብዬ የማልፈው? በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ጉዳይ እንኳ? ተናደድኩ። እትዬ «ኧረ በማርያም! አታዋርደኝ!» ስትል ከከንፈሯ አነበብኩ። ወደ ልጅቷ ቀረብ አልኩና «ልጄ፣ እንደምታውቂው ዛሬ ጆሮ የለኝም። አንድ ጊዜ ድገሚልኝ» አልኳት።

ቀና አለች። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አወረደች። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፣ ጠዋት ጠዋት እንደምታደርገው፤ ከዚያም ሆሄ ሳትውጥ፣ ሳትጮህ፣ «አልፈልግም» አለች።

ሰማኋት።

ከዚያ የሆነውን ብዙ አላወራም። ድስቱ ሳይከፈት፣ ጠጁ ሳይቀዳ ሰዎቹ ተነሱ። እስከ በር ሸኘኋቸው፤ ወግ ነው። ትልቁ ሽማግሌ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ጋቢያቸው ውስጥ ሆነው የሆነ ነገር ረዘም አድርገው ተናገሩኝ። «እሺ» አልኳቸው። ይመርቁኝ ይራገሙኝ እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

እትዬ አኮረፈችኝ። ሆን ብዬ እንዳደረግኩት፣ ሰምቼ እንዳልሰማሁ ሆኜ ቤቷን እንዳፈረስኩ ለማኅበሩ ሁሉ ተናገረች። ኩርፊያዋ ሰነበተ፤ ለጆሮዬ ባይሆን ለቤቱ ጸጥታ ጥሩ ነበር ብዬ ልቀልድ ፈልጌ ነበር። ግን ማታ ማታ ብቻዋን ቁጭ ብላ ሳያት ቀልዱ አልመጣልኝም። ልጇ ግን እግሯ ሥር እየተቀመጠች፣ ስትሰድባትም እየተሰደበች፣ ቀስ በቀስ አለሳለሰቻት። አንድ ቀን እትዬ ራሷ «ጥርሱም እኮ ሰው ሠራሽ ነው አሉ» ስትል ሰማኋት። ታረቅን ማለት ነው።

ከዕርቁ በኋላ ነው የእህቴ ልጅ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ ደረጃው ላይ አጠገቤ ቁጭ ያለችው። ፊቷን ወደ እኔ አዞረች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን መጀመሪያ አዎ ብዬ ነበር እኮ።»

«ምን?»

«ትንፋሼን ስቤ ነበር። አልተሳሳቱም፣ በደንብ ነው የሰሙት። ያ ሁሉ ሰው አፌን አፌን ሲያየኝ፣ እማዬ እንደዚያ ሆና ስትጠብቀኝ፣ እምቢ ማለት አቃተኝ። ግን በወፍጮ ቀን አንተ እንደማትሰማኝ አውቃለሁ። ደግመህ እንደምትጠይቀኝ አውቃለሁ። አንተ እንድትጠይቀኝ ያልኩት ለዚህ ነው። ለሁለተኛው ጊዜ ነው ጉልበቴን ያጠራቀምኩት።»

 መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። እኔ ክብሬን ጠበቀችልኝ ብዬ ኮርቼ፣ እሷ ለካ የመረጠችው ድንቁርናዬን ነው። በሽታዬን እንደ በር መወርወሪያ ተጠቀመችበት። ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ከዚያ ግን ሌላ ነገር መጣብኝና ቁጣውን አጠፋው። ያን ሳምንት ሙሉ ጆሮዬ ደህና ነበር። ቅዳሜ ማታ እንኳ ደህና ነበር።

«ያን ቀን ደህና ሆኜ ብነሳስ ኖሮ?» አልኳት። «አዎ ስትይ ብሰማሽስ?»

ቦርሳዋን አንስታ ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«አግብቼ ነበራ» አለችኝ።

የዱከሙ ሚኒባስ እንዳያመልጣት ቸኩላ ወጣች። እኔም ክፍል ነበረኝ፤ መነሳት ነበረብኝ። ግን ደረጃው ላይ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ።